ደጋግሞ የሚመጣ ሕልምና የሌሊት ንባብ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የ17 ዓመት ልጅ ነኝ፤ የ12ኛ ክፍል ተማሪ። ድሮ ፒያሳ ነበርን፤ በ2016 ቤቱ ከፈረሰ ወዲህ ስድስት ኪሎ አክስቴ ዘንድ ነን። መጽሐፍ በጣም እወዳለሁ፤ ከሁሉም ‹ፍቅር እስከ መቃብር›ን፤ አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ማታ ሁሉም ሲተኛ እጀምርና እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት አነባለሁ፤ ጠዋት 12 ሰዓት እነሣለሁ። አንድ ሕልም ግን አልለቅ አለኝ። የፒያሳውን ቤት የእንጨት ደረጃ እወጣለሁ፤ ደረጃው አያልቅም። ላይ ስደርስ መጻሕፍቴ በማዳበሪያ ታስረው አገኛቸዋለሁ፤ አንዱን ስገልጠው ፊደሎቹ እንደ ጤፍ ይበተናሉ። የፈተና ደወል ይደወላል። ከታች አንድ ሰው በስሜ ይጠራኛል፤ አቤት ልል ስል ድምፄ አይወጣም። ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ይብስብኛል። በቀደም ደግሞ ነቅቼ መንቀሳቀስ አቃተኝ፤ አያቴ ዱካክ ነው አለችኝ። እማዬ ልቦለዱ ነው ያመጣብሽ፣ ተዪው ትላለች። ቀን ቀንም ከገጸ ባሕርያቱ ጋር በሐሳቤ አወራለሁ። ሕልሙ ምን ማለት ነው? ማንበቤን ላቁም? ጤነኛ ነኝ?»

እኅቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልነሣ። በጽሑፍ ብቻ ሰው አይመረመርም፤ ሆኖም ከነገርሽን ውስጥ ለአእምሮ ሕመም ምልክት የሚሆን ነገር አይታይም። የሚታየው የ17 ዓመት ሰውነት በቀን አምስት ሰዓት ብቻ መተኛቱና አንድ ያልተቋጨ ጉዳይ መኖሩ ነው። ንባብ ማቆም ሁለቱንም አይፈታም። የሚፈታው የንባቡን ሰዓት ማዛወርና ሕልሙን ቀን ላይ፣ ነቅተሽ፣ በእስክሪብቶ እንደገና መጻፍ ነው። ይህን ሁለተኛውን ሥራ አንባቢ ሰው ከማንም ይልቅ ይችልበታል።

መጀመሪያ ስለ እንቅልፉ። ከ14 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። አንቺ አምስት ሰዓት ብቻ ስለምትተኚ፣ በትንሹ ቢታሰብ እንኳ ከሰኞ እስከ ዓርብ 15 ሰዓት ይጎድልብሻል። እንቅልፍ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት አይደለም። በግምት በየ90 ደቂቃው የሚመላለስ ዙር አለው። በየዙሩ መጨረሻ ዓይን ከቆቡ ሥር ወዲያ ወዲህ የሚልበት፣ አንጎል የሚፋጠንበት፣ የእጅና የእግር ጡንቻ ግን ፈጽሞ የሚላላበት ደረጃ ይመጣል። ዩጂን አሰሪንስኪና ናትናኤል ክላይትማን በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ አጥንተው በ1953 እ.ኤ.አ. ያሳወቁት ይህንን ነው፤ ባለሙያዎች ‹ሬም› ይሉታል። ጥርት ያለ፣ ታሪክ ያለው ሕልም በብዛት የሚታየው በዚህ ደረጃ ነው። በመጀመሪያው ዙር ሬም አሥር ደቂቃ ያህል ቢቆይ ነው፤ ወደ ንጋት ግን እየረዘመ ሄዶ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይሆናል።

አምስት ሰዓት ተኝተሽ ስትነሺ የምትቆርጪው ይህንኑ በሬም የበለጸገ የመጨረሻ ክፍል ነው። ሰውነት የተቆረጠበትን ይቆጥራል። ቅዳሜ እስኪረፍድ ስትተኚ ያጣውን ሬም አብዝቶና አጠንክሮ ይመልሰዋል፤ ሕልሙም ይረዝማል፣ ይደምቃል፣ ይከብዳል። ሳምንቱን ሙሉ ደህና ሰንብተሽ ቅዳሜና እሑድ ጠዋት የሚብስብሽ በዚህ ምክንያት ነው። እናትሽ ልቦለዱን የምትጠረጥረው ዓርብ ማታ ብዙ ስታነቢ፣ ቅዳሜ ጠዋት ደንግጠሽ ስትነቂ እያየች ከሆነ፣ ያየችው ልክ ነው፤ መሀል ላይ ያለው ምክንያት ግን የእንቅልፍ ዕዳው ነው።

አያትሽ ዱካክ ያሉትም ከዚሁ ይመጣል። በሬም ጊዜ ጡንቻ የሚላላው ሕልማችንን በአካል እየተወራጨን እንዳንፈጽመው ነው። አንዳንድ ጊዜ አእምሮ ቀድሞ ይነቃና ጡንቻው ለጥቂት ሰከንድ፣ ሲበዛም ለአንድ ሁለት ደቂቃ ሳይፈታ ይቀራል። ዓይን ይገለጣል፣ ክፍሉ ይታያል፣ ደረት የተጫነ ይመስላል፤ በር ላይ ሰው የቆመ የሚመስላቸውም አሉ፤ የሕልሙ ቅሪት ከክፍሉ ጋር ስለሚቀላቀል ነው። ያስፈራል እንጂ አይጎዳም፤ መተንፈሻ ጡንቻው መሥራቱን አያቋርጥም። ዋናዎቹ ቀስቃሾች የእንቅልፍ ማነስ፣ የተዘበራረቀ የመኝታ ሰዓትና በጀርባ መተኛት ናቸው። ሲይዝሽ በጉልበት ለመነሣት አትታገዪ፤ ትግሉ ፍርሃቱን ያብሰዋል። አየር በዝግታ አስወጪ፣ ሐሳብሽን ሁሉ አንዲት የእግር ጣት ላይ አድርጊና እሷን ብቻ ለማንቀሳቀስ ሞክሪ። ከዚያ ተነሺና ትንሽ ውኃ ጠጥተሽ በጎንሽ ተኚ፤ ወዲያው በጀርባ ከተመለስሽ ሊደገም ይችላል። በፈተና ሰሞን ‹ያነቃሻል› ብሎ ጫት የሚያቀርብልሽ ጓደኛ ቢኖር እምቢ በዪ። ቃሚዎች ራሳቸው ሲያቋርጡ የሚመጣባቸውን ከባድ ቅዠት በዚሁ በዱካክ ስም ነው የሚጠሩት።

እንግዲህ የንባቡ ሰዓት። ከ7 ሰዓት ወደ ምሽቱ 4 ሰዓት በአንድ ሌሊት ልውረድ ብትዪ አልጋ ላይ ተጋድመሽ ጣሪያ ስታዪ ታድሪያለሽ። በዚህ ዕድሜ የሰውነት ሰዓት በተፈጥሮው ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ በምሽቱ 4 ሰዓት እንቅልፍ አለመምጣቱ ስንፍናም አመፅም አይደለም። ስለዚህ በየሁለት ቀኑ 20 ደቂቃ ብቻ ቀንሺ። ሦስት ሰዓቱ በዘጠኝ እርከን ያልቃል፤ 18 ቀን ማለት ነው። ጠዋት 12 ሰዓት የመነሻሽ ሰዓት ግን አይነካም፤ ቅዳሜና እሑድ ቢበዛ እስከ 1 ሰዓት። እንደተነሣሽ መጋረጃ ክፈቺ፤ ትምህርት ቤት ስትሄጂ ሩብ ሰዓት ያህል ፀሐይ እየሞቅሽ በእግርሽ ሂጂ። የጠዋት ብርሃን የሰውነትን ሰዓት ወደ ፊት የሚስብ ዋናው ነገር ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ማታውን ያስተካክልና ቅዳሜ እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ይተኛል፤ ሰኞ ሁሉም ነገር ከዜሮ ይጀምራል።

ቡና ቤታችሁ ውስጥ ማታ የሚፈላ ከሆነ ልብ በይው። የካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። በ12 ሰዓት የጠጣሽው አቦል ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና ደምሽ ውስጥ ነው። ቡናው ላይ ተቀመጪ፣ ቆሎውን ቁርጠሚ፣ ጨዋታውንም አትለፊ፤ ስኒውን ግን ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ተዪው።

ንባቡን ወዴት ላዛውረው ካልሽ፣ ስድስት ኪሎ ለሚኖር ሰው መልሱ ቁልቁል ነው። አራት ኪሎ በ2014 የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ከቤትሽ በእግር ይደረሳል። ከትምህርት በኋላ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ያለውን ጊዜ ለከባዱ ልቦለድ ስጪው፤ ልብ የሚያንጠለጥለውን፣ የሚያስለቅሰውን እዚያ ጨርሺው። ማታ ከመኝታ በፊት ላለው ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ያነበብሽውንና ፍጻሜውን የምታውቂውን፣ ወይም ግጥም፣ ወይም የጉዞ ማስታወሻ ያዢ። ደግሞ ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ማቆም ይሻላል ብለሽ አታስቢ። ልቦለድ ጸሐፊዎች ምዕራፋቸውን የሚዘጉት ቀጣዩን እንድትገልጪ አድርገው ነው፤ ‹ይቺን ምዕራፍ ጨርሼ› ያለ ሁሉ 7 ሰዓት የሚሆንበት ለዚህ ነው። ምዕራፉ መካከል ላይ፣ ሰዎቹ እህል የሚቀምሱበት ወይም መንገድ የሚሄዱበት ረጋ ያለ አንቀጽ ላይ ዕልባት አድርጊና ዝጊ። ከቴሌግራም የወረደ ፒዲኤፍ በስልክ ማንበብ ግን ለሌሊት አይሆንም። ብርሃኑ በስንዝር ርቀት ፊትሽ ላይ ይተፋል፣ ገጹም ማለቂያው አይታይም። ወረቀት ያዢ፤ አዲስ መግዛቱ ከከበደ አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጡት ጋ ጎራ በይ።

ያነበብነው ሕልም ውስጥ ይገባል ወይ? አዎ፣ በመጠኑ። የቀን ውሎ ቁርጥራጭ በዚያው ሌሊት ሕልም ውስጥ ብቅ ይላል፤ ከዚያ ይጠፋና ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ አንዳንዱ እንደገና ይመለሳል። ስለዚህ አንድ ሕልም ከየት መጣ ብለሽ ስትፈልጊ የትናንቱን ብቻ ሳይሆን ያለፈውን ሳምንትም ማየት አለብሽ። ግን የራስሽን ሕልም እስኪ ተመልከቺው፤ ሰብለ ወንጌል የለችበትም፣ በዛብህ የለበትም፣ ጎጃም የለበትም። አራት ጊዜ ያነበብሽው መጽሐፍ እንኳ አልገባበትም። ያለው የእናንተ ደረጃ፣ የእናንተ ማዳበሪያና የአንቺ ፈተና ነው።

ሕልሙ ምን ማለት ነው ላልሽው፣ ደረጃ ማለት ይህ፣ ደወል ማለት ያ ብሎ የሚፈታ ዝርዝር ይዘን አልመጣንም። ቤተሰብሽ በእምነቱ በኩል የሚያደርገውን ያድርግ፤ ጸሎትሽን አድርሰሽ ብትተኚ ከምንልሽ ነገር ጋር አይጋጭም፤ ልብ ያረጋጋል። በሥነ ልቦና በኩል የሚታወቀው ግን ይህ ነው፤ ደጋግሞ የሚመጣ ሕልም ብዙውን ጊዜ ተጀምሮ ያልተዘጋ ስጋት ወይም ሐዘን ይዞ ይመጣል። መልኩ ሊለዋወጥ ይችላል፤ ሳይለወጥ የሚመላለሰው ስሜቱ ነው። ስለዚህ ‹ደረጃው ምንድን ነው?› ከማለት ‹ይህን ስሜት ነቅቼ ሳለሁ የማውቀው ከየት ነው?› ብሎ መጠየቅ ይበልጥ ያደርሳል።

የፒያሳውን ቤት በጥያቄሽ ውስጥ በአንዲት ሐረግ ነው ያለፍሽው፤ ‹ቤቱ ከፈረሰ ወዲህ›። ሕልሙ ግን አላለፈውም። ሰው ተወልዶ ያደገበትን ቤት ሲያጣ፣ ነገሩ የቁሳቁስ ብቻ ስለማይሆን፣ እግሩ የሚያውቀው ደረጃ፣ እጁ የሚያውቀው የበር መዝጊያ፣ የሚጠራው የጎረቤት ድምፅ አብሮ ይሄዳል። በዚያ ላይ የ12ኛ ክፍል ፈተና አለ። ከ2015 ወዲህ ብዙ ተማሪ ከሰፈሩ ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ ተፈትኗል። አንድ ጊዜ ከቤት መነሣትን ላየ ሰው ፈተናው ሁለተኛ መነሣት ሊመስለው ይችላል። ሁለቱ በአንድ ሕልም መገናኘታቸው አይገርምም።

የፊደሎቹ መበተን ብዙ አያስጨንቅሽ። ሕልም ውስጥ ጽሑፍ አይረጋም፤ አንዴ አይተሽ ዞር ብለሽ ስትመለሺ ተለውጦ ይጠብቅሻል። ይህ በብዙ ሰው ላይ የሚታይ ነው፤ ንባብ ሕይወቱ ለሆነ ሰው ግን ከሌላው ይበልጥ ያስደነግጣል።

አንድ ጥያቄ እኛም እንጠይቅሽ። ያኔ ከፒያሳ ስትወጡ መጻሕፍትሽ በማዳበሪያ ታስረው ነበር? አክስትሽ ዘንድ፣ አልጋ ሥር ወይም ኮሪደር ላይ፣ እስከ ዛሬ ያልተፈታ ካለ ዛሬውኑ ፍቺው። ሁሉንም መደርደር አይጠበቅብሽም፤ ቦታም ላይኖር ይችላል። አንዱን ከፍተሽ አሥር መጽሐፍ አውጪ፣ አቧራውን ጥረጊና አልጋሽ አጠገብ አቁሚው።

ከዚያ ማስታወሻ መያዝ ትጀምሪያለሽ፤ ለ14 ቀን። ባለ 50 ቅጠል መስመር ያለው ደብተርና በክር የታሰረ እስክሪብቶ ይበቃል፤ ስልክ አይሁን፤ ስልኩን ያነሣ እጅ መልእክት ሳያይ አይመለስም፣ ሕልሙም እስከዚያ ይተናል። ስትነቂ አትገላበጪ፣ ዓይንሽንም አትግለጪ። መጨረሻ ያየሽውን ምስል ያዢና ወደ ኋላ ሂጂ፤ ከዚያ በፊት የት ነበርሁ፣ ከዚያስ በፊት? ሕልም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ስለሚጠፋ፣ መጀመሪያ የሚጻፈው ስሜቱ ነው፣ ከ0 እስከ 10 ባለው ቁጥር። ቀጥሎ ነገሮቹ በአጭር በአጭሩ፣ ልክ አሁን እየሆኑ እንዳሉ። በመጨረሻ የነቃሽበት ሰዓት። አምስት ደቂቃ በቂ ነው። በግራው ገጽ ሕልሙ፣ በቀኙ ገጽ ደግሞ ማታ ያነበብሽው፣ የተኛሽበት ሰዓት፣ በዕለቱ ልብሽን የከበደው ነገር። እኩለ ሌሊት ላይ ከነቃሽ መብራት አታብሪ፤ በጨለማው ሦስት ቃል ጽፈሽ ተመልሰሽ ተኚ።

አንባቢ ሰው እዚህ ላይ የሚሠራት አንዲት ስሕተት አለች፤ ማሳመር። እንዲህ ያለ ማስታወሻ ለምሳሌ፦ «በትዝታ ጭጋግ በተሸፈነው የልጅነቴ ቤት፣ ወደ ማይደረስበት ሰገነት ስወጣ፣ የጊዜ ደወል አስተጋባ።» ዓረፍተ ነገሩ ያምራል፤ ለሥራው ግን አይረባም። የሚረባው እንዲህ ያለው ነው፦ «ፍርሃት 7። ደረጃ። ሦስተኛው ሲጢጥ አለ። ላይኛው ክፍል ጨለማ። ማዳበሪያ 3 ወይ 4፣ በሲባጎ የታሰረ። መጽሐፍ ገለጥሁ፣ ፊደል ፈሰሰ። ደወል። ተጠራሁ፤ ሴት ትሁን ወንድ አላውቅም። 11፡40።» በመጀመሪያው ውስጥ ፍርሃቱ ስንት እንደነበር፣ ማዳበሪያው ስንት እንደነበር፣ የጠራሽ ሰው መልክ እንደሌለው የት አለ? ሁሉም ቃላቱ ሥር ተቀብሯል። ለማሳመር እጅሽ ከበላሽ ሌላ ደብተር ላይ፣ ከሰዓት በኋላ አሳምሪው።

በ14 ቀን ውስጥ ሕልሙ ስንት ጊዜ እንደመጣና ፍርሃቱ በአማካይ ስንት እንደሆነ ታውቂያለሽ። እንቅልፉ ስለተስተካከለ ብቻ የሚጠፋለት ሰው ብዙ ነው። ካልጠፋ ወደ ዋናው ሥራ እንሄዳለን።

ሥራው ሕልሙን ነቅቶ መለወጥና ማለማመድ ነው። ደጋግሞ ለሚመጣ ቅዠት የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ የሚመክረው ዘዴ ነው፤ መድኃኒት የለበትም። አበው ሕልም እንደ ፈቺው ነው ይላሉ፤ እዚህ ፈቺዋ አንቺ ነሽ። አንጎል አንድን ቅዠት ሲደጋግመው ልማድ ይሆንበታል፤ እግር የለመደውን መንገድ ሳያስብ እንደሚሄድ። ቀን ላይ ደጋግመሽ ሌላ መንገድ ስታስለምጂው ሌሊትም አሮጌው ይላላል።

መጀመሪያ አሮጌውን ሕልም አንድ ጊዜ ብቻ ጻፊው፤ ከግማሽ ገጽ አይብለጥ። ከዚያ ፍርሃቱ ከመጀመሩ በፊት ያለችውን ቦታ ፈልጊ። ያንቺ፣ እንደሚመስለን፣ ደረጃው አላልቅ ማለት ከመጀመሩ በፊት ያለችው እርከን ናት። ለውጡ የሚገባው እዚያ ነው። ብዙዎች መጨረሻውን ብቻ ይለውጣሉ፤ እዚያ እስኪደረስ ግን ልብ ደንግጦ አልቋል፤ ስለዚህ አይሠራላቸውም። የፈለግሽውን ለውጪ፤ ትንሽም ትሁን ትልቅ፣ የምትመርጪው አንቺ ነሽ። ለአብነት ያህል ብቻ፦

«ደረጃውን እወጣለሁ። ሦስተኛው እንደ ድሮው ሲጢጥ ይላል። እዚያው እቀመጣለሁ። እንጨቱ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ነውና ይሞቃል። ከታች አንድ ሰው በስሜ ይጠራኛል፤ ዞር እላለሁ። የጎረቤታችን ልጅ ነው፣ ባትሪ ይዟል። ‹ነዪ፣ አብረን እንያዘው› ይለኛል። ማዳበሪያውን በሁለት ጫፍ ይዘን ቀስ እያልን እንወርዳለን።»

ጠሪው ሰው መልክ አገኘ፣ ደረጃው ሦስት ላይ ቆመ፣ ድምፅ ማውጣትም አላስፈለገም። ፈተናው አልታለፈም፣ ቤቱም ተመልሶ አልተሠራም። አዲሱ ሕልም ደስታ የሞላበት መሆን አይጠበቅበትም፤ እጅሽ ሥራ የሚሠራበት መሆኑ ይበቃል። ይህን የምንለው በምክንያት ነው። ‹ፍቅር እስከ መቃብር›ን የመሰለ መጽሐፍ የሚወድ ሰው መራሩ ፍጻሜ እውነተኛ፣ ለስላሳው ደግሞ ውሸት ይመስለዋል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ያሳተሙት ሥራ ከርዕሱ ጀምሮ ወዴት እንደሚሄድ የተነገረ አሳዛኝ ታሪክ ነው፤ ያም ለልቦለዱ ልክ ነው። አንቺ ግን አሁን የምትጽፊው ሥነ ጽሑፍ አይደለም። ማንም አያነበውም፣ ማንም አይገመግመውም።

ከጻፍሽ በኋላ በየቀኑ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ፣ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ፣ ዓይንሽን ከድነሽ አዲሱን ብቻ በምናብሽ ሂጂበት። እንጨቱ ሲሞቅ፣ ሲባጎው ጣትሽን ሲቆርጥ፣ ባትሪው ግድግዳ ላይ ሲያበራ ይሰማሽ። ልቦለድ ስታነቢ የምታደርጊው ይህንኑ አይደል? ሌላው ሰው ሳምንት የሚፈጅበትን ይህን ነገር ለዓመታት ስትለማመጂው ኖረሻል። አልጋ ላይ ግን አታድርጊው፤ ከሰዓት በኋላ ይሻላል። አሮጌው ሕልም በመሀል ዘሎ ከገባ ዓይንሽን ግለጪ፣ እግርሽን መሬት ላይ አጥብቀሽ አድርጊ፣ ከዚያ ከሦስተኛው ደረጃ እንደገና ጀምሪ። ሕልሙ እንደጻፍሽው ሆኖ እንዲመጣ አትጠብቂ፤ በብዙ ሰው ላይ መጀመሪያ የሚታየው የፍርሃቱ ቁጥር ከ7 ወደ 4 መውረዱ ወይም ሕልሙ መሀል ላይ መቋረጡ ነው። በሦስት ቀን ምንም አልመጣም ብሎ መተው ሁለተኛው ትልቁ ስሕተት ነው፤ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ስጪው።

ሕልም ውስጥ ሆኖ ‹ይህ ሕልም ነው› ብሎ ማወቅን የሚያስተምሩ ቪዲዮዎች አይተሽ ሊሆን ይችላል። ላንቺ አንመክርም። አብዛኞቹ ሌሊት በደወል እየነቁ መመለስን ይጠይቃሉ፤ አንቺ ደግሞ የምትሠዊው እንቅልፍ የለሽም።

ቀን ከገጸ ባሕርያት ጋር ማውራትሽን በተመለከተ። መጽሐፉ ከተዘጋ በኋላ የገጸ ባሕርይ ድምፅ በሐሳብ መቀጠሉ በአንባቢዎች ዘንድ የተለመደ ነው። ያንኑ መጽሐፍ በወጋየሁ ንጋቱ ንባብ በሬዲዮ የሰሙ ሰዎች ዛሬም ሲገልጡት የእሱ ድምፅ እንደሚመጣባቸው የሚናገሩት ለዚህ ነው። ከጉዱ ካሳ ጋር በሐሳብ መከራከር፣ ‹እሱ ቢሆን ይህን ምን ይለው ነበር?› ማለት ውስጣዊ ሕይወት ያለው ሰው ምልክት ነው። መለያው ሦስት ነገር ነው፤ ምናብ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ ሰው ሲጠራሽ ታቆሚዋለሽ፤ ይህን አድርጊ ብሎ አያዝሽም። ሦስቱም አዎ ከሆነ በሰላም አውሪ።

መጠኑን ግን ለኪው። ኤሊ ሶመር የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ2002 እ.ኤ.አ. ስም ያወጡለት፣ ኑሮን የሚውጥ የቀን ሕልም የሚባል ነገር አለ፤ ሰው ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለ፣ ብዙ ጊዜም በሙዚቃ ታጅቦ፣ ለሰዓታት በምናቡ ይኖራል፤ ትምህርቱ፣ ምግቡ፣ ጓደኛው ይቀራል፤ ላቁም ሲልም አይሆንለትም። ለሦስት ቀን ደብተርሽ ጀርባ ላይ ጊዜውን መዝግቢ። ሰዓቱ ብዙ ሆኖ ሥራሽን ካላስቀረብሽ ችግር የለውም፤ ሰዓቱ ትንሽ ሆኖም ከሰው ለመሸሽ ብቻ ከሆነ ግን ከትምህርት ቤትሽ የምክር አገልግሎት ባለሙያ ጋር ተነጋገሪ።

ብቻሽን የማትይዢው ነገር ደግሞ የትኛው እንደሆነ በግልጽ ልንገርሽ። ሕልሙ በእውን የደረሰብሽን ጥቃት ወይም አደጋ እንዳለ የሚደግም ከሆነ፣ የመለወጡን ሥራ ብቻሽን አትጀምሪው። ድምፅ ከውጭ በጆሮሽ የምትሰሚ፣ የሚያዝሽም ከሆነ፤ ሰዎች እየተከታተሉኝ ነው የሚል የማይለቅ እምነት ካደረብሽ፤ ለቀናት ሳትተኚ ድካም ካልተሰማሽ፤ ምግብና መጽሐፍ ሁለቱም ካስጠሉሽ፤ ራስሽን ስለ መጉዳት ወይም ስለ መሞት ካሰብሽ፣ በዚያው ቀን ለእናትሽ ወይም ለአክስትሽ ንገሪ። በአካባቢሽ ካለ ጤና ጣቢያ ተነሥቶ ወደ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል መላክ ይቻላል። የማያሳፍር ነገር ነው፤ እዚያ ተሰልፎ የምታዪው ሰው እንዳንቺው ተማሪ፣ ሠራተኛ፣ እናት ነው።

ለእናትሽ ‹ባለሙያ አንብቢ ብሎኛል› ብለሽ አትከራከሪያት። እሷም ቤቷን ያጣችው ያኔውኑ ነው፤ ምናልባት እሷም አትተኛ ይሆናል። በአራት ሳምንቱ መጨረሻ የደብተሩን ቀኝ ገጽ ብቻ አሳያት፤ በስንት ሰዓት እንደተኛሽ፣ ስንት ሰዓት እንደተኛሽ፣ ምን እንዳነበብሽ። ግራውን ገጽ ማሳየት ግዴታሽ አይደለም። ከዚያ ቁጥሮቹን አብራችሁ እዩ፤ ሕልሙ ያኔም በሳምንት ከአንድ ጊዜ በላይ የሚመጣና ፍርሃቱ ከ5 የማይወርድ ከሆነ ደብተሩን ይዘሽ ወደ ባለሙያ ሂጂ።